ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሴ ለራሴ ደወልኩ

ስልኬ ጮኸ። ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ አነሳሁት። "የጫጩት ቤት መብራት ጠፍቷል" አለኝ አንድ ሰውዬ፣ ቆጣ ባለ ድምፅ። የማውቀው ሰው መሰለኝ፤ ማን እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። "ማን ልበል?" ብዬ ጠየቅኩት። መልስ የለም። ያንኑ ነገር ደገመልኝ። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ሰውዬው እኔው ነኝ። ከሦስት ቀን በፊት ቢሾፍቱ፣ ጫጩት ቤቱ ውስጥ ቆሜ የቀዳሁት የገዛ ድምፄ ነው አዲስ አበባ ድረስ ደውሎ የቀሰቀሰኝ።

ያን ሌሊት አንድም ጫጩት አልሞተብኝም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ሳጥን የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። የተሳሳትኩትንም አብሬ እጽፋለሁ። የተሳሳትኩት ይበዛል።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው ለምትሉ፣ መጽሐፍ የምታህል ሳጥን ናት። መብራት ሲጠፋ፣ በር ሲከፈት ወይም ሙቀት ሲወርድ፣ ቀድማችሁ ወደሞላችሁላት ስልክ ቁጥሮች በተራ እየደወለች የቀዳችሁትን ድምፅ ታሰማለች። በቃ ይኸው ነው። ኢንተርኔት አትፈልግም፣ አፕ አትፈልግም፣ የሚያነሳው ሰው ስማርት ስልክ እንዲኖረውም አትጠብቅም። አንዳንዱ ሱቅ "ጂ.ኤስ.ኤም አላርም" ይላታል፣ አንዳንዱ "አውቶ ዳያለር"። እኛ ግቢ ስሟ "ደዋይዋ" ነው። ቴክስት ብቻ የሚልኩ ሳጥኖችም አሉ። እንደ እኔ ላለ እንቅልፋም ግን የሌሊት ቴክስት ማለት ጠዋት የሚነበብ መርዶ ነው።

ለምን እንዳስፈለገችኝ ልንገራችሁ። ሥራዬ የአንድ ቀን ጫጩት አምጥቼ፣ 45 ቀን ገደማ አሳድጌ መሸጥ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ገና ላባ አላበቀለም፣ ራሱን ማሞቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሱለት ይሄዳሉ። ቢሾፍቱ ቀን ቀን ሞቃት ናት ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ከፍታዋ ወደ 1900 ሜትር ይጠጋል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ያንቀጠቅጣል። ደግሞ አምፖሉ ሲጠፋ ጫጩት የሚሞተው በብርድ ብቻ አይደለም። ሙቀት ፍለጋ አንድ ጥግ ላይ ይደራረባል፣ ከታች ያሉት ታፍነው ያልቃሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የኅዳር ሌሊት የደረሰብኝ ይኸው ነው። መብራት ጠፋ። ጥበቃችን ጋሼ ተኝተው ነበር። አልፈርድባቸውም። መብራት ሲጠፋ የሚቀሰቅስ ድምፅ የለውም፤ እንዲያውም ማራገቢያው ሲቆም ጭራሽ ጸጥ ነው የሚለው፣ እንቅልፍ ይጨምራል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲከፍቱ ጥጉ ላይ ቢጫ ጋቢ ተጠቅልሎ የተጣለ መስሏቸው ነበር። በማዳበሪያ እየጨመርን ቆጠርን። 163። ጋሼ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔም አልበላሁም።

ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነገሩን ስነግረው "እዚህ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አለ" አለኝና ለፋሲካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ደስ ብሎኝ ጀርባዋን ሳላነብ ሶኬት ላይ ሰካኋት። ጧ አለች! አዳፕተሯ ለ120 ቮልት የተሠራች ናት፣ የእኛ ሶኬት 220 ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ሁለት ቀን ቤቱን አልለቀቀም። ዕድሜ ለአዳፕተሯ፣ ሳጥኗ ራሷ ተርፋለች። ሌላ አዳፕተር ገዝቼ አስነሳኋት። ከዚያ ነው ሁለተኛው ጉድ የመጣው። የምትሠራው በመደበኛ የቤት ስልክ መስመር ነው። ጫጩት ቤቱ ደግሞ የቤት ስልክ የለውም።

ያም ሆኖ ቢሾፍቱ እናቴ ቤት ወስጄ ሞከርኳት። ከእሷ የተማርኩት ነገር አለ። የቤት ስልክ መስመር ላይ የምትሠራዋ ሳጥን ሰው ያንሳ አያንሳ አታውቅም። ቁጥሩን ትመታለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማውራት ትጀምራለች። ስልኩ ገና እየጠራ ግማሽ መልእክቱ ሊያልቅ ይችላል። የእኔን ሞባይል አጥፍቼ፣ የእማዬን ስልክ እጀታ አንስቼ ሳዳምጥ፣ ሳጥኗ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም" ለምትለው ሴትዮ መብራት መጥፋቱን እያስረዳቻት ነበር። ሴትዮዋም ትመልስላታለች። ሳጥኗም ትደግምላታለች። ሁለቱም አልተሰማሙም። የዚህ ዓይነት ሳጥን ካላችሁ መልእክታችሁ በጣም አጭር ይሁን፣ ሦስት አራት ጊዜም እንዲደጋገም አድርጉት፤ ዘግይቶ ያነሳ ሰው ቢያንስ አንዱን ዙር ሙሉውን ይሰማል።

አሁን የምጠቀምባት ባለ ሲም ካርድ ናት። ካሜራና አላርም ከሚሸጡ የመርካቶ ሱቆች ነው የገዛኋት። ሻጩ "ሁሉም አንድ ናቸው" ይላችኋል። አንድ አይደሉም። በ2ጂ ብቻ የምትሠራ ናት ወይስ 4ጂም ትይዛለች ብላችሁ ጠይቁ። ውስጧ ባትሪ አላት ወይ በሉ። ያነሳው ሰው ቁልፍ ተጭኖ "ሰምቻለሁ" ሊላት ይችላል ወይስ ዝም ብላ ለሁሉም እየዞረች ትደውላለች? ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ አደጋ የተለያየ ድምፅ ትቀዳለች ወይስ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላት? ርካሾቹ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። "አደጋ አለ" ይላሉ። የምን አደጋ? ሰውዬው ዱላ ይዞ ይምጣ ወይስ ክብሪት?

ሲሟን ከመክተታችሁ በፊት ተራ ስልክ ውስጥ አድርጋችሁ የፒን ጥያቄዋን አጥፉ። ሳጥኗ ፒን መሙላት አትችልም፣ ዝም ትላለች። እኔ ግማሽ ቀን "ኔትወርክ የለም" እያልኩ አንቴናዋን ሳዞር ከዋልኩ በኋላ ነው ይህን ያወቅኩት።

ወደ ቀረጻው ልምጣ። ሰው ሁሉ የሚያቃልለው ይህንን ነው፣ እኔም አቅልዬው ነበር። ያለኝ ጊዜ 20 ሰከንድ ነው። የመጀመሪያው ቅጂዬ እንዲህ ይጀምራል፦ "ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ፣ ይህን መልእክት የምትሰሙት በጫጩት ቤታችን ውስጥ አንድ ችግር..." ተቆረጠ። ሃያውን ሰከንድ ሰላምታ በላው። ከበስተጀርባ ደግሞ የማራገቢያው ጉርምርምታና የ500 ጫጩት ጩኸት አለ። የእኔ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛውን አሳጠርኩት። ግን ስሜት ይኑረው ብዬ "ድረሱ! ድረሱ! ቶሎ ድረሱ!" ብዬ ጀመርኩት። የዚያን ሳምንት ለሥራ ሐዋሳ ሄድኩ፣ ስልኬም ሌሊት ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። መብራት ሄደና ሳጥኗ ለባለቤቴ ደወለች። እስቲ አስቡት። ባሏ መንገድ ላይ ነው፣ ሌሊት ከማታውቀው ቁጥር ይደወልላታል፣ ስታነሳው ባሏ "ድረሱ!" እያለ ይጮሃል። የቀረውን አልሰማችም። ስልኩን ዘግታ ለእኔ ስትደውል የእኔ ዝግ ነው። እስኪነጋ ለዘመድ ሁሉ ደውላለች። ስመለስ "ሁለተኛ በገዛ ድምፅህ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትሞክር" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ረጋ ያለ ነበር። ረጋ ብዬ "እማዬ፣ የጫጩት ቤት መብራት ጠፍቷል" አልኩ፤ የእናቴ ቁጥር መጀመሪያ ስለሆነ። ለሙከራ ጋሼ የጫጩት ቤቱን ቆጣሪ እንዲያጠፉ ነግሬ እሷ ቤት አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ጠራ፣ አነሳች። ላውድ ላይ ነው።

"አቤት ልጄ። መቼ ነው የጠፋው?"

"እማዬ፣ የጫጩት ቤት መብራት ጠፍቷል።"

"ሰማሁህ እኮ። ጋሼ የሉም እንዴ?"

"እማዬ፣ የጫጩት ቤት መብራት ጠፍቷል።"

"ምን አስቀይሜህ ነው የምጠይቅህን የማትመልስልኝ?"

እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። አየችኝ፣ ስልኩን አየችው፣ አማተበች።

እነዚህን ሁሉ አልፌ የደረስኩበት መልእክት ይኸው፦ "ማሽን ነው። ማሽን ነው። የጫጩት ቤት መብራት ጠፍቷል። ኢብሳን በዴራ። የሰማ ሰው 1ን ይጫን።" መጀመሪያ ማሽን መሆኑን ትናገራለች፣ ማንም እንዳይደነግጥ፣ ማንም መልስ እንዳይጠብቅ። ሁለቴ የምትለው የመጀመሪያውን ቃል እንቅልፍ ስለሚበላው ነው። ከዚያ የሆነው ነገር፣ በአጭሩ። መጨረሻ ላይ ምን እንደሚደረግ። ከ12 ሰከንድ አይበልጥም።

ኦሮምኛውን፣ ያው "መብራት ጠፍቷል" የሚለውን፣ የቀዱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ግን ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ጆሮው ቶሎ የሚይዝለት አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ጎረቤታችን እትዬም እንደዚሁ። ጋሼ ሲቀዱ ሳጥኗን እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በኃይል ጮሁባት፣ ድምፁ ተሰነጣጠቀ። ደግመን ቀዳን። የማይክሮፎኗ ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ታክላለች፤ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁ በተለመደ ድምፅ ተናገሩ፣ ቢፕ ካለች በኋላ አንድ አፍታ ቆዩ፣ ማራገቢያ ካለ አጥፉ። ከቀዳችሁ በኋላ ሳጥኗ ላይ ባለው ማጫወቻ ሰምታችሁ "ጥሩ ነው" እንዳትሉ። በስልክ መስመር ሲመጣ ድምፁ ይለወጣል። በትክክል አስደውላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ያቺ አሮጌዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ስሙት።

ቀጥሎ ማን ማን ይሞላ? እኔ መጀመሪያ ላይ ቅርብ ያለውን አስቀደምኩ፣ ጋሼን። ስህተት ነበር። ጋሼ ቅርብ ናቸው፣ ግን እንቅልፋቸው ከባድ ነው፣ ስልካቸውም አንዳንዴ ቻርጅ አይኖረውም። እናቴ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ለጸሎት የምትነሳ ሴት ናት፣ በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች። ቤቷ ከጫጩት ቤቱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው፤ መምጣት አይጠበቅባትም፣ ጋሼ እስኪነሱ ድረስ መደወል ነው ሥራዋ። እሷ ደግሞ በዚህ አትታማም። ስለዚህ አንደኛ እማዬ፣ ሁለተኛ ጋሼ፣ ሦስተኛ አጥር ለአጥር የምንጎራበተው እትዬ፣ አራተኛ እኔ። ባለቤቴን አወጣኋት፣ በራሷ ጥያቄ። ቁጥር አታብዙ። ሳጥኗ አንዱ ጋ ስትጠራ፣ ስታወራ፣ ስትዘጋ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ስድስተኛው ሰው የሚሰማው ከአምስት ስድስት ደቂቃ በኋላ ነው።

እነዚህን ሰዎች አሠልጥኗቸው። ሥልጠና ስል ቡና ተፈልቶ፣ ሳጥኗ እየደወለችላቸው፣ 1ን ሲጫኑ ዝም ስትል እያዩ ነው። 1ን ካልተጫኑ "አልሰማም" ብላ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች፣ ዙሯን ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች። ለእትዬ የሳጥኗ ቁጥር "ጫጩት" ተብሎ ሴቭ ተደርጎላቸዋል። ማንበብ ስለማይሆንላቸው የልጅ ልጃቸው የጥሪውን ዜማም ለይቶላቸዋል።

ሽቦውን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ 220 የሚነካውን ክፍል ኤሌክትሪሻን ይሥራው። አንድ ነገር ግን ተከራከሩት። ሪሌይ የምትባል የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር አለች፤ መብራት እያለ ትይዛለች፣ ሲጠፋ ትለቃለች፣ ሳጥኗ በዚህ ታውቃለች። የእኛ ኤሌክትሪሻን መጀመሪያ የሳጥኗን ሽቦ የገጠመው በደህናው ጊዜ ክፍት ሆኖ አደጋ ሲመጣ እንዲገጥም አድርጎ ነው። አይጥ ሽቦውን በላችው። ክፍት የነበረ ሽቦ ሲቆረጥ ምን ይሆናል? ምንም፣ ያው ክፍት ነው። ሳጥኗ "ሰላም ነው" እያለች ለስንት ቀን እንደቆየች እንጃ፤ ያወቅነው በሙከራ ቀን ነው። አሁን በተቃራኒው ነው የተገጠመው። በደህናው ጊዜ ተያይዞ ይቆያል፣ ሲላቀቅ ትደውላለች። መብራት ቢያላቅቀው፣ አይጥ ብትበላው፣ ሌባ ቢቆርጠው፣ ለእሷ ሁሉም አንድ ነው።

የሙቀት ሴንሰርም አላት፣ ምክንያቱም መብራት እያለም አምፖል ይቃጠላል፣ ብሬከር ይወርዳል። እሱን ደግሞ ለማየት እንዲመቸኝ በደረቴ ቁመት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። እኔ ደረት ላይ 31 ሲል ሳጋቱራው ላይ 24 ነበር። ጫጩቶቹ የሚኖሩት ደግሞ ሳጋቱራው ላይ ነው። አሁን ከሳጋቱራው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አምፖሉ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ አለ። በየሳምንቱ ሙቀቱን ስትቀንሱ የማስጠንቀቂያውንም ቁጥር አብራችሁ ዝቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሳጥኗ ያለ ምክንያት ታብዳለች።

ያለ ምክንያት መደወልን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። በመጀመሪያው ሳምንት መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት አንድ ሌሊት ሰባት ጊዜ ደወለች። በአራተኛው ጋሼ ስልካቸውን አጠፉ። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ቢመጣስ? እንደ ውሸታሙ እረኛ መሆኑ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መብራቱ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ ሳይመለስ ሲቀር ብቻ ምልክት የምትሰጥ፣ ጊዜ የምትቆጥር ሪሌይ አለች። አስገጠምኩ። ጫጩት በአምስት ደቂቃ አይሞትም።

የበሩ ሴንሰር ጉድ ግን የእኔው የራሴ ጥፋት ነው። ማታ በራሱ እንዲበራ፣ ጠዋት በራሱ እንዲጠፋ ሰዓት ይሞላል። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት እንዲሠራ ፈልጌ 01:00 እና 12:00 ብዬ ሞላሁ። ሳጥኗ የሐበሻ ሰዓት ታውቃለች እንዴ? እሷ የገባት ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ጋሼ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መኖ ሊሰጡ በሩን ሲከፍቱ "ሌባ ገብቷል" ብላ ለእማዬ ደወለች። እማዬም ለጋሼ ደወለች። ጋሼም መኖውን ጥለው ዱላቸውን ይዘው ራሳቸውን ሲፈልጉ ቆዩ። ቀልዱ ይቅርና፣ ሌባ በሚመጣበት በማታው ሰዓት በሩ ክፍት ሜዳ ነበር። 19:00 እና 06:00 ነው መሞላት የነበረበት።

ትልቁ ውርደት ግን የባትሪው ነው። ሳጥኗ መብራት ሲጠፋ የምትሠራው ባለ 12 ቮልት ደረቅ ባትሪ ላይ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ እሞክራት ነበር፣ ሶኬቷን ነቅዬ፣ አምስት ደቂቃውን ላለመጠበቅ የሪሌይዋን ሽቦ አላቅቄ፣ ስትደውል እሺ ብዬ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሼ። ከዓመት ከአራት ወር በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ሳጥኗም ዝም። እግዜር ሲረዳኝ እማዬ የራሷ ቤት መብራት መጥፋቱን አይታ "ያቺ ሴትዮ ዛሬ ምነው አልደወለች?" ብላ ደወለችልኝ። ባትሪው አርጅቶ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ የጊዜ ቆጣሪዋ ሪሌይ አምስት ደቂቃዋን ሳትጨርስ ባትሪው ያልቃል። መብራት መጥፋቱን እንድትነግረኝ ያስቀመጥኳት ሳጥን ከመብራቱ ጋር አብራ ትጠፋ ነበር። አሁን ስሞክር ብሬከሩን አውርጄ አንድ ሙሉ ሰዓት እተዋታለሁ። የባትሪውን ጀርባ ላይ የተገዛበትን ቀን በማርከር ጽፌያለሁ።

ካርድ መሙላት እንዳትረሱ። ሲሟ ሳጥን ውስጥ ስለሆነች *804# ብላችሁ ማየት አይመቻችሁም። እኔ ደሞዝ በሚወጣበት ቀን ከስልኬ በቴሌብር እሞላላታለሁ። ጥቅል አትግዙላት፣ ሳትደውል ጊዜው ያልፍባታል። የይለፍ ቁጥሯንም ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት፤ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ስልክ ቁጥሯን ያወቀ ሰው ደውሎ ሊያጠፋት ይችላል። ሳጥኗን ደግሞ ቆርቆሮ ስር አትክተቷት፣ ኔትወርኩን ይጋርደዋል። የእኔ አንቴና በቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ውጭ ወጥቷል።

ይህንን ቤቱ የሚያስገጥም የአዲስ አበባ ሰው ካለ፣ እባካችሁ 991፣ 939 ወይም 907ን በዝርዝሩ ውስጥ አትሙሉ። ፖሊሱም እሳት አደጋውም አምቡላንሱም የሚያነሱት ሰው ሊያናግራቸው ነው፤ የት ሰፈር፣ ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ብለው ይጠይቃሉ። ሳጥኗ ለእማዬ የመለሰችውን ነው ለእነሱም የምትመልሰው። ያቺ ከአሜሪካ የመጣችዋ ሳጥን መመሪያም 911ን አትሙሉ ይላል። ሳጥኗ ለእናንተ ትደውል፣ እናንተ ለእነሱ ደውሉ።

ባለፈው ወር እንደገና መብራት ሄደ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ። የእኔ ስልክ አልጠራም። ጠዋት ነው የሰማሁት። ጋሼ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲያልቅለት አስገብተው፣ የላይኛዋን መስኮት ከፈት አድርገው (የከሰል ጋዝ አይታይም፣ ጫጩትም ሰውም ይገድላል) እስኪነጋ አጠገባቸው ተቀምጠው አድረዋል። አራት ጫጩት ሞቷል፤ እሱ መብራት ቢኖርም የሚሞት ነው። ለእማዬ ደውዬ "ለመሆኑ ሌሊት ደወለችልሽ?" አልኳት።

"ደወልክልኝ እንጂ" አለች። "እሺ ልጄ፣ ሰምቻለሁ፣ ተኛ ብዬህ 1ን ተጫንኩ።"